በመጠቅለያው ላይ ያልተጻፈው

ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



በሐይቅና በአምባሰል አገር ሰርግ የሚደግስ ሰው ጌሾውንና ብቅሉን ሲያሰናዳ አብሮ የሚያሰናዳው ሌላ ጉዳይ አለ። ጎረቤቱ ከፊሉ ሙስሊም፣ ከፊሉ ክርስቲያን ስለሆነ ከብቱ በሁለት እጅ ይታረዳል፤ ወጡ በሁለት ድስት ይሠራል፤ የአንደኛው ቢላዋና ጭልፋ ወደ ሁለተኛው አይሻገርም፤ አስተናጋጆቹም የትኛው ወጥ ለየትኛው እንግዳ እንደሚቀርብ ለይተው ያውቃሉ። ይህን የሚያዝዝ አዋጅ የለም፤ የሚቈጣጠር ሹምም አልተሾመም። ደጋሹ እንግዳውን ስለሚያከብር፣ ያልፈቀደውን ነገር ሳያውቅ እንዲጐርስ ስለማይፈልግ ያደርገዋል። በጾም ወራትም ነገሩ እንዲሁ ነው። ጾመኛው «ቅቤ ነክቶታል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጠንቃቃ የሆነውም «ድስቱስ?» ብሎ ይጨምራል። ባለቤቲቱ በጥያቄው አትቀየምም፤ እውነቱን ትመልሳለች።

የዛሬው ንግግር ጉዳይ ከዚህ ልማድ የራቀ ቢመስልም በመሠረቱ ያው ነው። የምግብ ፋብሪካዎች በበዙባቸው አገሮች ለሽያጭ የወጣ ምግብ በአዋጅ ተጠርቶ ከየሱቁ መደርደሪያ ወደ አምራቹ እንዲመለስ ከሚያደርጉት ምክንያቶች ዋነኛው፣ ምግቡ መበላሸቱ ወይም መመረዙ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ምግቡ ንጹሕ ነው፤ ጣዕሙም መልካም ነው፤ የጐደለው በመጠቅለያው ላይ መጻፍ የነበረበት አንድ ቃል ነው። ወተት፣ ኦቾሎኒ፣ እንቍላል ወይም ሰሊጥ በውስጡ አለ፤ በላዩ ግን አልተጻፈም። በዚህች ቃል መጓደል ምክንያት በሺህ የሚቈጠር ካርቶን ይሰበሰባል፤ አንዳንድ ጊዜም መሰብሰቡ የሚጀመረው ሰው ከሞተ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ መርዝንና አለርጂን መለየት ይገባል። የወሎ ሰው ለዚህ የሚሆን መራራ ምሳሌ ከቤቱ አያጣም። በ1989 ዓ.ም. ገደማ በደላንታና ዳውንት አገር ጓያ አብዝቶ ከመብላት የሚመጣው የእግር ሽባነት ከ2000 በላይ ሰዎችን ያዘ። በጓያ ውስጥ ያለው መርዝ እህሉን ለረዥም ጊዜና በብዛት ለሚበላ ሰው ሁሉ ያሰጋል፤ ቈሎውና ንፍሮው፣ እሸቱም ይበልጥ አደገኛ እንደ ሆኑ በኋላ የተደረገው ጥናት አሳይቷል። እነዚያ ሰዎች የሚበሉት ጓያ መሆኑን ያውቁ ነበር፤ የቸገራቸው ሌላ እህል ማጣታቸው ነው። ስለዚህ በጓያው ላይ «ጓያ ነው» ብሎ መጻፍ ለእነርሱ ምንም ባልፈየደም ነበር። የአለርጂ ነገር ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ምግቡ ለዘጠና ዘጠኙ ሲሳይ ሆኖ ለመቶኛው ብቻ ጠላት ይሆናል፤ ያ መቶኛው ሰው ደግሞ ሌላ የሚበላው አላጣም፤ ያጣው የሚበላውን ማወቅ ነው። አንድ ቃል ቢጻፍለት ይድናል።

የፈረንሳይ ሊቃውንት ሪሼና ፖርቲየ እ.ኤ.አ. በ1902 አናፊላክሲስ ብለው የሰየሙት፣ የኦስትሪያው ሐኪም ፎን ፒርኬ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1906 አለርጂ የሚለውን ቃል ያወጣለት ነገር ዛሬ በደንብ ይታወቃል። ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቀው ኃይል ጉዳት የሌለውን የምግብ ፕሮቲን እንደ ጠላት ይቈጥረዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ያ ፕሮቲን በጥቂቱም እንኳ ሲገባ ጦሩን ሁሉ ያዘምትበታል። በጥቂት ደቂቃዎች ወይም ቢዘገይ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቈዳ ይንደበደባል፤ ከንፈርና ጉሮሮ ያብጣል፤ ትንፋሽ ያጥራል፤ የደም ግፊት ይወርዳል። መድኃኒቱ አድሬናሊን ነው፤ የሚሰጠውም ሳይውል ሳያድር፣ በጭን ጡንቻ ላይ፣ ለአዋቂ ግማሽ ሚሊግራም ያህል ነው። በገጠር ጤና ጣቢያ የሚሠሩ የማኅበሩ አባላት ይህን ያውቁታል፤ አስቸጋሪው ግን በሽተኛው ከአምባሰል ተራራ ወርዶ እስኪደርስ ድረስ ያለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ከመርፌው ይልቅ ጽሕፈቱ ይቀድማል።

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1963 ያቋቋሙት የምግብ ደረጃ ኮሚሽን፣ በተለምዶ ኮዴክስ የሚባለው፣ የታሸገ ምግብ መጠቅለያ ላይ ምን መጻፍ እንዳለበት የሚደነግገውን ጠቅላላ ደረጃ አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1999ም በዚያ ደረጃ ውስጥ ዘወትር ተለይተው መገለጽ ያለባቸውን ነገሮች ዘርዝሯል፤ እነርሱም ስንዴና ገብስን የመሰሉ ግሉተን ያለባቸው እህሎች፣ ሽሪምፕና የመሳሰሉት፣ እንቍላል፣ ዓሣ፣ ኦቾሎኒ፣ አኩሪ አተር፣ ወተት፣ እንደ አልሞንድ ያሉ የዛፍ ፍሬዎች፣ ከዚያም ከተወሰነ መጠን ያለፈ ሰልፋይት ናቸው። በኋላ የተሰበሰቡ የሁለቱ ድርጅቶች ሊቃውንት ሰሊጥም ከዋነኞቹ ተርታ እንዲገባ መክረዋል፤ አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው ሕግ ሰሊጥን ዘጠነኛ አድርጋ ጨመረችው። የአውሮፓ ዝርዝር ደግሞ ዐሥራ አራት ሲሆን ሰሊጥ፣ ሰናፍጭና ግብጦ ይገኙበታል።

ይህን የአውሮፓ ዝርዝር በእጁ ይዞ በሐይቅ ከተማ ከአንድ የጾም በያይነቱ ፊት የሚቀመጥ ባለሙያ የሚያስገርም ነገር ያያል። በቅቤና በእንቍላል ሚዛን ሲታይ ያ ትሪ ፍጹም ንጹሕ ነው። ነገር ግን ፍትፍቱ በሰሊጥ ወይም በሱፍ ተለውሷል፤ ስልጆው ሰናፍጭ አለበት፤ እንጀራው የገብስ ወይም የስንዴ ድብልቅ ሊሆን ይችላል፤ በአጠገቡ የቀረበው ድንችም ከሐይቁ የወጣ ዓሣ በተጠበሰበት ዘይት ተጠብሶ ይሆናል። «የጾም ነው» የሚለው መልስ ለተጠየቀው ጥያቄ እውነተኛ መልስ ነው፤ ላልተጠየቀው ግን መልስ አይሆንም። አንዳንድ አምራቾችም በመጠቅለያው ላይ «የጾም» ብለው ከጻፉ ሁሉን የተናገሩ ይመስላቸዋል።

ከዚህ የሚከተለው የቃላት ጉዳይ ነው፤ በአማርኛ መጠቅለያ ለሚጽፍ ሰውም ከሁሉ የሚከብደው ይኸው ነው። «ለውዝ» የሚለውን ቃል ብንወስድ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ የአሮን በትር ያፈራችው ለውዝ የዛፍ ፍሬ የሆነው አልሞንድ ነው፤ በአዲስ አበባ ሱቅ «ለውዝ» ተብሎ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠው ግን ከመሬት የሚቈፈረው ኦቾሎኒ ነው። ሁለቱ በዘር የተለያዩ ናቸው፤ አንዱን የማይችል ሰው ሌላውን ሊችል ይችላል። «አኩሪ አተር» የሚለውን ያነበበ ደግሞ፣ አተር ስለሚል፣ ዘወትር የሚበላው አተር ይመስለዋል። «የለውዝ ቅቤ» ሲባል ቅቤ የሌለበት ቅቤ ነው፤ ጾመኛው ይሸሸዋል፤ ከኦቾሎኒ መሸሽ የሚገባው ግን ስሙን በደንብ ሳይመረምር ያልፈዋል። «ሱፍ» የሚለው ስምም ለሁለት ልዩ ልዩ ተክሎች ይሰጣል። ስለዚህ ቃሉ መጻፉ ብቻ አይበቃም፤ የሚበላው ሰው በሚያውቀው፣ ከሌላም በማይቀላቀል ስም መጻፍ አለበት።

የአምባሰል ሰው በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ነገር ቃሉ ሲለያይ ምን እንደሚያስከትል ከማንም ቀድሞ ያውቃል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያው በአምባሰል፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ግንኙነት በኢጣልያ መንግሥት መጠቀም እንደሚችሉ ሲል፣ በጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገባቸው። አንዲት ግሥ ናት። ከአድዋ ጦርነት ጋር አንድ የመጠቅለያ ጽሕፈት አይነጻጸርም፤ ይሁን እንጂ ከውጭ አገር በመጣ ቆርቆሮ ላይ በእንግሊዝኛ ወይም በዐረብኛ ሰባት ነገር ተዘርዝሮ፣ በአማርኛ በተለጠፈው ቁራጭ ወረቀት ላይ ግን አራቱ ብቻ ሲገኙ፣ የተጐዳው ወገን በሁለቱም ጊዜ አማርኛውን ያመነው ነው።

ወደ ሌላው ዓለም ልምድ እንሻገር። ጥፋቱ የሚደርስባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው። አምራቹ ቅመም የሚገዛበትን ነጋዴ ይለውጣል፤ አዲሱ ቅመም ውስጥ ምን እንዳለ አይጠይቅም። ወይም ባንድ መሥመር ላይ ጠዋት ወተት ያለበት ብስኩት፣ ከቀትር በኋላ ወተት የሌለበት ይመረታል፤ በመካከሉ በደንብ አልታጠበም። ወይም ምርቱ ደኅና ሆኖ በሌላ ምርት መጠቅለያ ይታሸጋል፤ ይህ የመጨረሻው ከሁሉ የቀለለ ስሕተት ሲሆን እጅግ ብዙ ጊዜ የሚደርስ ነው። ከእነዚህ ሁሉ የከፋው ግን ሆን ተብሎ ውዱን በርካሽ መተካት ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ የከሙን ዱቄት ውስጥ ያልተገለጸ ኦቾሎኒ ተገኘ። ከሙን ለብቻው የሚበላ ነገር አይደለም፤ በሾርባው፣ በተዘጋጀው ሥጋ፣ በቅመም ድብልቁ ሁሉ ይገባል። ስለዚህ አንዱ ከረጢት ሲመረመር ከእርሱ የተቀዱት በመቶዎች የሚቈጠሩ ልዩ ልዩ ምርቶች ከገበያ ተጠሩ። በእንግሊዝም በ2015 በከሙንና በፓፕሪካ ውስጥ የአልሞንድ ፕሮቲን ተገኘ ተብሎ ተመሳሳይ መሰብሰብ ተደረገ፤ ጉዳዩ በጥልቀት ሲመረመር ግን ከምርቶቹ በአንዱ የተገኘው አልሞንድ ሳይሆን የቅርብ ዘመዱ የሆነው የማሕለብ ፍሬ መሆኑ ታወቀ። ላቦራቶሪ እንኳ ዘመድን ከዘመድ ለመለየት የሚቸገርበት ጊዜ አለ። በበርበሬና በሽሮ አገር ለሚኖር ባለሙያ ይህ የከሙን ታሪክ ከሌላው ሁሉ የቀረበ ነው፤ ሽሮም ሆነ በርበሬ ከተፈጨ በኋላ ዓይን የሚለየው ነገር አይኖርም።

በሰሜን ዮርክሻየር በጥር 2014 እ.ኤ.አ. አንድ ደንበኛ ከሕንድ ምግብ ቤት ምግብ ሲያዝዝ ኦቾሎኒ እንደማይስማማው በግልጽ ተናግሮ ነበር፤ በክዳኑም ላይ ይኸው ተጽፎለት ነበር። የምግብ ቤቱ ባለቤት ግን ወጪ ለመቀነስ የአልሞንዱን ዱቄት ኦቾሎኒ ባለበት ርካሽ ዱቄት ተክቶ ነበር፤ ከጥቂት ሳምንታት በፊትም ሌላ ደንበኛ ታምሞ ማስጠንቀቂያ ደርሶት ነበር። ሰውየው ሞተ፤ ባለቤቱም እ.ኤ.አ. በ2016 ስድስት ዓመት ተፈረደበት። እዚህ ላይ ጽሕፈቱ ነበረ፤ ሐሰት ግን ነበረ። ከሐሰተኛ ጽሕፈት ባዶ መጠቅለያ ይሻላል፤ ባዶው ቢያንስ ሰውን ያስጠረጥራል።

በዚያው በ2016 በሐምሌ ወር ናታሻ ኤድናን ላፔሩዝ የተባለች የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ በለንደን ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ዳቦ ገዛች። መጠቅለያውን አገላብጣ አነበበች፤ አባቷም አነበበ። ሰሊጥ አልተጻፈም። ሰሊጡ ግን በሊጡ ውስጥ ተቦክቶ ነበር፤ እዚያው ሱቁ ውስጥ የሚዘጋጅ ምግብ ዝርዝር እንዲጻፍበት የዚያ ጊዜው ደንብ አላስገደደም። በአውሮፕላን ላይ ታመመች፤ በዚያው ቀን ሞተች። ከጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስሟ የሚጠራው ሕግ ይህን ቀዳዳ ደፈነ። ከሁመራና ከመተማ ሰሊጥ ለዓለም ገበያ ለሚያቀርብ አገር ይህ ታሪክ የሩቅ ወሬ ሊሆን አይገባም፤ ከረጢቱ የሚያርፍበት ጐተራ፣ ከሰሊጡ በኋላም በዚያው መኪና የሚጫነው ሌላ እህል የዚህ ጉዳይ ክፍል ናቸው።

ወደ ወሎ ስንመለስ፣ ከፋብሪካ የወጣ የታሸገ ምግብ ለብዙው ገበሬ በመጀመሪያ የታወቀው በሱቅ ሳይሆን በእርዳታ ነው። በ1977ቱ ረኀብ፣ ከዚያም በኋላ በተደጋጋሚ፣ የበቈሎና የአኩሪ አተር ድብልቅ ዱቄት በውጭ ቋንቋ በተጻፈበት ከረጢት መጥቷል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ የተጀመረው ፋፋም ስንዴን፣ ሽምብራን፣ አኩሪ አተርንና የወተት ዱቄትን ያዋሐደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 በፈረንሳይ የተፈለሰፈውና ለከባድ የምግብ እጥረት የሚሰጠው ፕላምፒነት ደግሞ ኦቾሎኒና ወተት ነው። እነዚህ ምግቦች የስንቱን ሕፃን ነፍስ እንዳተረፉ የማኅበሩ አባላት ምስክሮች ናቸው፤ ማንም እንዳይሰጉባቸው። ነገር ግን ከዝርዝሩ ውስጥ ሦስቱና አራቱ በአንድ ማንኪያ ላይ ተገናኝተዋልና፣ ሕፃኑ ቢያስመልሰው ወይም ፊቱ ቢያብጥ «ልጁ አልለመደውም» ብሎ ከማለፍ በፊት ምን እንደ በላ ጠይቆ በካርዱ ላይ መጻፍ ይገባል። እናትየዋ ከረጢቱን ማንበብ አትችልም፤ ከረጢቱም ዱቄቱ ካለቀ በኋላ ጤፍ ወይም ማሽላ መያዣ ሆኖ ያገለግላል፤ ያኔ በላዩ የተጻፈውና በውስጡ ያለው ከነጭራሹ አይገናኙም።

ሕጉ የለም አይባልም። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112/2011 ስለ ምግብ ደኅንነትና ስለ ገላጭ ጽሑፍ ይደነግጋል። የኢትዮጵያ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣንም በተለያዩ ጊዜያት የአምራቹ አድራሻ፣ የምርት መለያ ቍጥር ወይም የአገልግሎት ዘመን ያልተጻፈባቸውን የምግብ ዘይት፣ የለውዝ ቅቤ፣ ማር፣ ጨውና ከረሜላ እየዘረዘረ ሕዝቡ እንዳይጠቀምባቸው አስታውቋል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን፣ ምርትን መልሶ መሰብሰብ የሚቻለው ምርቱ መለያ ቍጥር ሲኖረው ብቻ መሆኑ ነው። በውጫሌ ገበያ በጣሳ ተሰፍሮ በፌስታል የሚቋጠር ሽሮ ማን ሸምብራውን እንደ ሸጠው፣ በየትኛው ቀን እንደ ተፈጨ፣ ከማን ቤት እንደ ደረሰ የሚያውቅ የለም። ቢያጠፋ ተጠርቶ የሚመለስበት መንገድ የለውም። ሰው ሞቶም ቢሆን የሚታወቀው «ምግብ አልተስማማውም» ተብሎ ብቻ ነው።

በውጭ አገር ያለው ኢትዮጵያዊ ደግሞ የነገሩን ሌላ ገጽ አይቷል። ጤፍ ግሉተን የለበትም የሚለው ዝና በአሜሪካና በአውሮፓ ሲስፋፋ፣ ሲሊያክ የሚባለው የአንጀት በሽታ ያለባቸው ሰዎች እንጀራ ፍለጋ ወደ ኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች መጡ። ሲሊያክ በጥብቅ አነጋገር አለርጂ አይደለም፤ ጥንቃቄው ግን አንድ ነው። ብዙ እንጀራ ቤቶች ጤፉ ውድ ስለሆነ፣ እንጀራውም እንዲለሰልስ፣ የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት ይጨምሩበታል። ይህ ነውር አይደለም፤ በወሎም የማሽላ፣ የገብስና የጤፍ ድብልቅ እንጀራ የተለመደ ነው። ነውሩ «የጤፍ እንጀራ» ብሎ ጽፎ ሌላውን አለመጻፍ ነው። አንዳንዶቹ ምግብ ቤቶች ደንበኛው ሲጠይቅ ንጹሕ ጤፉን ለይተው በልዩ ትእዛዝ ያቀርባሉ፤ ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው።

ታዲያ በሐይቅና በአምባሰል ምን ይደረጋል ለሚለው፣ ከፋብሪካ በፊት ወፍጮ ቤቱን መመልከት ይበጃል። ባለ ወፍጮው ይህን ሳይንስ ሳይማር ያውቀዋል፤ በርበሬ ለሚያስፈጨው የተለየ ወፍጮ አለው፤ ከበርበሬ በኋላ ጤፏን የምታስፈጭ ሴት አያገኝምና። እንግዲህ ለምላስ የተደረገው ጥንቃቄ ለነፍስ እንዲደረግ መጠየቅ ከባድ ነገር አይደለም። ኦቾሎኒ የሚፈጨው በመጨረሻ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ የሚፈጭ ሰው ካለ ይነገረው። ሽሮና በርበሬ እያሸጉ ለደሴና ለአዲስ አበባ የሚልኩ የሴቶች ማኅበራት ካሉ፣ በመጠቅለያው ላይ የገባውን ሁሉ በተራ አማርኛ፣ የተፈጨበትን ቀንና የራሳቸውን አድራሻ ይጻፉ፤ «ሽሮ» የሚለው አንድ ቃል ሽምብራም፣ አተርም፣ ባቄላም፣ ጓያም ሊሆን ስለሚችል ብቻውን ምንም አይናገርም። የጤና ጣቢያ ሠራተኞች በበኩላቸው ከምግብ በኋላ ድንገት አብጦ ወይም ትንፋሽ አጥሮት የመጣውን ሰው ሲያክሙ የበላውን ምግብ፣ የገዛበትን ቦታና ሰዓቱን ይመዝግቡ። ዛሬ እንዲህ ያለ መዝገብ ባለመያዙ ችግሩ ትንሽ ነው የሚሉም፣ ትልቅ ነው የሚሉም እኩል ናቸው።

ከሐይቅ ወደ አሜሪካ ለልጃቸው ሽሮ የሚልኩ እናት መጠቅለያ አያስፈልጋቸውም። ልጂቱ ሕፃኗ ኦቾሎኒ እንደማይስማማት በስልክ ነግራቸው፣ ምን ምን እንደ ገባበት ስትጠይቅ፣ ቈጥረው ይነግሯታል፦ ሽምብራ፣ አተር፣ ጥቂት ባቄላ፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ኮረሪማ፣ ነጭ አዝሙድና ጥቁር አዝሙድ። ኦቾሎኒ አልጨመሩበትም፤ ይህን በእውነት መመስከር ይችላሉ። በወፍጮ ቤቱ ከእርሳቸው በፊት ተራ ይዞ የነበረው ሰው በቀረጢቱ ምን ይዞ እንደ ነበር ግን አላዩም።